የአርብ ከሰዓት ብርሃን

ባሌ በሞተ በሠላሳ አራተኛው ቀን ልጃችን ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ተመልሳ መጣች። ከቦርሳዋ ልብሷን ሳታወጣ አንድ ለሁለት የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ናት። ከእንግዲህ ፊዚክስ ብቻ ማለት አይበቃም፤ ከፊዚክስ ውስጥ አንድ ዘርፍ መርጣ በእሱ መቀጠል አለባት። ቅጹ ላይ አምስት ዘርፎች ተደርድረዋል። ከጎናቸው ቁጥር የሚጻፍባቸው ሳጥኖች አሉ፣ ከግርጌው ደግሞ «የመረጡበት ምክንያት» የሚል ርእስና አራት ባዶ መስመሮች። በአርባው ማግስት ተሞልቶ መመለስ ነበረበት።

«እኔ መርጫለሁ እማዬ» አለችኝ። «አንቺ እንድታይልኝ ብቻ ነው።»

ቤቱ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ብንሆን ኖሮ ነገሩ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ያልቅ ነበር። ግን ለቅሶ ቤት ነው። በእኛ በመንዝ ሐዘንተኛን መጀመሪያ ያስለቅሱታል፣ ከዚያ ያጫውቱታል፤ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ግን አይፈቅዱለትም። አጽናኞቼ እስከዚያ ቀን ድረስ የጨዋታ ጎተራቸውን አሟጠውልኝ ነበር። የገብሱን ውርጭ ጨርሰዋል። የበጎቹን ሳል ጨርሰዋል። የመንገድ ሥራው መኪና ለምን እንደሄደና መቼ እንደሚመለስ ሦስት ጊዜ ተንብየዋል። አንድ ጎረቤታችንማ ከትናንት ወዲያ ያወራልኝን ታሪክ ረስቶት እንደ አዲስ ሲነግረኝ፣ መጨረሻው ላይ እኔ ነኝ ያገዝኩት። እንግዲህ ወረቀቱን ባዩ ጊዜ ፊታቸው ቢበራ አልፈርድባቸውም። ሠላሳ አራት ቀን ሙሉ እንዲህ ያለ ወሬ ወደዚያ ቤት አልገባም።

ወረቀቱን መጀመሪያ የተቀበሉት የባሌ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከግሼ፣ ከራቤል ወዲያ ካለ መንደር፣ ገብሳቸውን ውድማ ላይ ትተው ለአርባው ዝግጅት ቀድመው መጥተዋል። እኔም ልጄም ጋሼ እንላቸዋለን። ማንበብ አይችሉም፤ ወረቀት ግን ይወዳሉ። በዕድሜያቸው ከአጎታቸው ልጅ፣ ከጎረቤታቸው፣ አንድ ጊዜም ከሞተ ሰው ጋር በመሬት ተከራክረዋል። የሞተውን ረትተውታል።

ቅጹን ገለባብጠው ማኅተሙን ፈለጉ። አገኙት። «እንግዲያ ነገሩ ትልቅ ነው» አሉና ለርእሰ መምህሩ አቀበሉት።

ርእሰ መምህሩ ባሌ ያስተምርበት የነበረው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኃላፊ ነው። ገና ወጣት ነው፣ በየሁለት ቀኑ ሳይታክት ይጠይቀኛል። የተማረው ታሪክ ስለሆነ ፊዚክስን በድፍረት ያብራራል። ዘርፎቹን አንድ በአንድ እያነበበ ሲተረጉም ክፍሉ ችሎት ሆነ። ኑክሌር የሚለው ሲነበብ የእናቴ እህት፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አክስቴ፣ አማተቡ፤ ኑክሌር በዚሁ ወደቀ። የህዋ ፊዚክስ ሲባል የንስሐ አባታችን ተራውን ወሰዱ።

«ወደ ላይ የወጡት ሄኖክና ኤልያስ ናቸው» አሉ በትዕግሥት። «እነሱንም የጠራቸው እግዚአብሔር ነው። ቅጽ አልሞሉም።»

ሦስተኛው የጠጣር አካላት ፊዚክስ ነበር። ርእሰ መምህሩ እንደ ብረትና እንደ ድንጋይ ያለውን ነገር ማጥናት ነው ብሎ ሲገልጽ፣ ጋሼ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ። ውጭው እስከ አድማስ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ለማወቅ ከመንዝ ወጥቶ መሄድ ምን ይባላል ብለው ጠየቁ። አራተኛው ጂኦፊዚክስ ነው። ሳይቆፍሩ ምድር ውስጥ ያለውን ማወቅ ነው ተባለ።

«እሱንማ ሁላችንም ተራችን ሲደርስ እናውቀዋለን» አሉ ጋሼ።

ካሉት በኋላ የት እንደተቀመጡ ትዝ አላቸው። በርኖሳቸውን ሰበሰቡ። አንዷ ጎረቤት ሳትጠየቅ ተነሥታ ጠላ ቀዳችላቸው። ሳይነቀፍ የቀረው አምስተኛው፣ የብርሃን ፊዚክስ ብቻ ነበር፤ ጂኦፊዚክስንማ ከዚያ ወዲያ በዚያ ክፍል ውስጥ በስሙ የጠራው የለም።

ልጄ የመረጠችው እሱን ነበር።

ይህን ወጥ ቤት ገብተን ብቻችንን ስንሆን ነገረችኝ፤ ምክንያቷንም ሳትነግረኝ አውቀው ነበር። ባለፈው ዓመት ምድሩ ደጋግሞ በተንቀጠቀጠ ጊዜ የቤታችን ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ ወደ ታች ተሰነጠቀ። ጎረቤቱ ሁሉ ጸሎት አደረሰ። ባሌም አደረሰ፤ ሲያበቃ ግን እርሳስ አነሣ። የስንጥቁን ጫፍ በእርሳስ ምልክት አደረገበትና ቀኑን ከጎኑ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ልጃችን በመጣች ቁጥር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ማስመሪያ ይዘው ይለኩት ነበር። እሱ ይለካል፣ እሷ ትጽፋለች። ለምን በዚህ በኩል ብቻ እንደሚረዝም ስትጠይቀው «እሱን አልተማርኩትም፤ ተምረሽ ንገሪኝ» ይላታል። አጽናኞቼ ያን ሰሞን ጀርባቸውን አስደግፈው የሚከራከሩት በዚያው ግድግዳ ላይ ነበር። ከእርሳሱ ምልክቶች ሁለቱን የአንድ ሰው ጋቢ እንዳይጠርጋቸው ትራስ አስጠግቼባቸው ነበር።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ የመለስኩላትን አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል።

«አባትሽ የመረጠው ብርሃንን ነው» አልኳት።

ይህን ያልኩት ሌላ የምለው አጥቼ አልነበረም፤ ይህ እንደሚያሸንፋት ስለማውቅ ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ባሌ ብርሃን ነክ የሆነ ነገር ሁሉ ያጠራቀመበት አንድ የእንጨት ሣጥን አለው፤ ሌንስ፣ መስታወት፣ ከአሮጌ መነጽር የወጣ ነገር ሳይቀር። ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማረበት ነው። ርእሰ መምህሩ ከሰልስት በኋላ መጥቶ፣ የፊዚክሱን ክፍለ ጊዜ ለጊዜው የባዮሎጂ አስተማሪው እንደያዘው ነግሮኝ ነበር። ልጅቷ እንደ አባቷ ብርሃንን ተምራ ብትመለስ ሣጥኑም ወንበሩም ይጠብቃታል አለኝ። እሱ ይህን ያለው ለማጽናናት ነው። እኔ ግን ያን ሌሊት ልጄን በሐሳቤ ቀጠርኳት፣ የአባቷን ኮት አሳጥሬ አለበስኳት፣ ለምሳ ወደ ቤት አስመጣኋት። ሲነጋ ልቤ ላይ የነበረው ድንጋይ ትንሽ ቀሎኝ ነበር።

ስለዚህ የአጽናኞቼን ክርክር ዳር ሆኜ የማይ ሐዘንተኛ አልነበርኩም። ጨዋታው ወደ ብርሃን ሲያዘነብል ነጠላዬ ውስጥ ሆኜ እራሴን እነቀንቅ ነበር። ከዚህም ብሶ፣ በሁለተኛው ቀን ሣጥኑን ከፍቼ ባሌ ብዙ ዘመን የያዛትን የመስታወት ሦስት ማዕዘን አወጣሁና፣ ዝም ብዬ እንዳስቀመጥኳት ሁሉ፣ ጋሼ ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖርኳት። ጋሼ ማስረጃ ሲቀርብ ያውቃሉ።

በሠላሳ ሰባተኛው ቀን ፍርድ ሰጡ።

«ነገሩ ያን ያህል የሚያከራክር አልነበረም» አሉ። «ወንድሜ የያዘው ብርሃንን ነው። ልጅ የአባቷን ትይዛለች። ትምህርትም ርስት ነው፤ ባዶውን ከተተወ ሌላ ሰው ይገባበታል።»

ከዚያ ሁላችንም በቃላችን የምናውቀውን ታሪክ ደገሙት። ወንድማቸው አዲስ አበባ ሲማር ከዘርፎቹ ሁሉ ብርሃንን የመረጠው ለአገሩ ሲል ነው። እንደ መንዝ ያለ ንጹሕ ብርሃን በየትም የለም ብሎ፣ በዚያ መንገድ፣ በዚያ ብርድ፣ ጥናቱን መሐል ሜዳ ድረስ እየመጣ ያደርግ ነበር። የንስሐ አባታችን ብርሃን በመጽሐፍ ውስጥ የተመሰገነባቸውን ቦታዎች ጠቀሱ፤ ብዙ ናቸው። ርእሰ መምህሩም የጋሼ ቃል ትክክል መሆኑን መሰከረ፤ በቀብሩ ዕለት የባሌን የሕይወት ታሪክ ያነበበው እሱ ስለሆነ ይኸው እንዳለ ተጽፎ አግኝቶታል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ልጄ «እሺ ጋሼ» አለች። በዚያ ሰሞን ሁሉን ነገር በዚያው ድምፅ ነበር እሺ የምትለው፤ ብይ ስትባል፣ ተኚ ስትባል። እስክሪብቶ አነሣችና ከብርሃን ጎን ባለው ሳጥን ልትጽፍ ስትል እጇ ወደ ታች፣ ወደ አራቱ መስመሮች ወረደ።

«ምክንያቱን ላስቀድም» አለች። «የአባዬን ምክንያት ነው የምጽፈው፤ የእኔ የለኝም።» ቀና ብላ አየችኝ። «እማዬ፣ ካንቺ ልስማው። አባዬ ብርሃንን የመረጠው ለምን ነበር?»

ሠላሳ ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ። ልጆች ያላዩትን ባሕር፣ ያልሄዱበትን ጉዞ ሲጽፉ በቀይ እያሰመርኩ «ያየኸውን ጻፍ» ስላቸው ኖሬአለሁ። አሁን የገዛ ልጄ እስክሪብቶ ይዛ ቃል እንዳስጽፋት ትጠብቃለች። የተቀባባውን ታሪክ ልጀምር አፌን ከፈትኩ።

«አርብ ከሰዓት ትምህርት ስላልነበረው ነው» አልኩ።

ጋሼ ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። ወደ ኋላ መመለስ አልቻልኩም፤ አወራሁት። ባሌ ሲማር የሌሎቹ ዘርፎች የላብራቶሪ ሰዓት አርብ ከሰዓት ላይ ይውል ነበር። የብርሃኑ ሐሙስ ያልቃል። አርብ እኩለ ቀን ላይ የተለቀቀ ሰው በአመሻሹ ደብረ ብርሃን ይገባል፤ ቅዳሜ በጎሕ የሚነሣውን አውቶቡስ ከያዘ ከሰዓት በኋላ መሐል ሜዳ ነው። መሐል ሜዳ ደግሞ እኔ ነበርኩ፤ ከአባቴ ቤት የምኖር፣ አዲስ የተቀጠርኩ አስተማሪ። ተጫጭተን እንኳ አልነበረም። አባቴ ይህ ልጅ ምን ሊሠራ ነው የሚመላለሰው ብለው ሲጠይቁ፣ ከኪሱ ያችን የመስታወት ሦስት ማዕዘን አወጣ። በመስኮቱ በሚገባው ጮራ ላይ ሲይዛት ግድግዳው ላይ ቀስተ ደመና ወረደ። የመንዝ ብርሃን ንጹሕ ነው፣ ለጥናት ነው የምመጣው አላቸው። አባቴ ኮሩ። የአገራቸው ብርሃን ከሌላው እንደሚበልጥ ከድሮም ያውቁ ነበር፤ የጎደላቸው የተማረ ምስክር ብቻ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን የጥናት ጣቢያ ሆነ። አባቴ ራሳቸው ለጥናቱ እንዲመች መስኮቱን ያስጠርጉ ነበር። ያቺ ውሸት ከእነ ጋሼ ጆሮ ደረሰች፣ ከሠርጋችን ላይ ተወራች፣ ከቀብሩም ላይ ተነበበች።

ወሬውን ጨረስኩ። በመጀመሪያ የተናገረው ርእሰ መምህሩ ነው፤ የሕይወት ታሪኩ ላይ ግን እንዲያ ተጽፎ እንደነበር በትሕትና አስታወሰኝ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩት። «አሁን እያረምኩት ነው።»

ጋሼ ከልማዳቸው አልወጡም። «ምስክር አለሽ?» አሉኝ።

«እኔ አለሁ» አሉ አክስቴ ከጥግ። ተኝተዋል ብለን ነበር። «እዚያው ቤት ነበርኩ። ልጁ የዚህችን አባት አታሎ ይሆናል። እኔን ግን አላታለለኝም፤ አንቱ፣ ብርሃን ሊያጠና የመጣ ሰው ፀሐይ ከጠለቀች ወዲያ ምን ያስቀምጠዋል? ያን ጊዜ ነው የነቃሁበት። ዝም ያልኩት መልካም ልጅ ስለነበር ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት የንስሐ አባታችን ናቸው፤ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አስጠግተው ሊሸፍኑት ሞከሩ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ሳቅሁ፤ መሃል ላይ ሳቁ ልቅሶ ሆነብኝ፣ እንደገና ሳቅ ሆነ። ባሌ ከሞተ ወዲህ እሱን ራሱን ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ የምናለቅሰው ለአገሩ ብርሃን ሲል ለተንከራተተ አንድ የማላውቀው ሰው ነበር።

ጋሼ ብቻ አልሳቁም። ፍርዳቸው ሲፈርስ ዝም ብለው የሚያዩ ሰው አይደሉም። ሦስት ማዕዘኗን አንሥተው በጣታቸው ሲያሻሹ ቆዩና፣ ይግባኙን ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው ፈረዱ።

«እንዲህ ከሆነ ብርሃኑ በአባት የመጣ ርስት አይደለም» አሉ። «ወንድሜ የያዘው በእሷ ምክንያት ነውና በእናት የመጣ ነው። በመንዝ ደግሞ የእናት ርስት ከአባት አያንስም። እንግዲህ የምታዝዝበት እናቷ ናት።»

ወረቀቱን አንሥተው ጭኔ ላይ አኖሩት።

ያልጠበቅሁት ፍርድ ነበር። እኔ እውነቱን ያወጣሁት ልጄን ልለቃት ብዬ ነው፤ እሳቸው መልሰው እጄ ላይ አሰሩልኝ። ያውም በሕግ። ከእንግዲህ መዋሸት አያስፈልገኝም ነበር። ብርሃን በዪ ብላት ትላለች፤ ሁሉም ያጸድቀዋል፣ አርባው ያልፋል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ልጄ ለምሳ ቤቷ ናት። ርእሰ መምህሩ ከወንበሩ ጫፍ ተጠግቶ ይጠብቃል። ልጄን አየኋት። እኔን አታይም ነበር። የምታየው ከእኔ በስተ ጀርባ፣ ያን ትራስ ያስጠጋሁበትን ቦታ ነው።

ቅጹን መለስኩላት።

«ጂኦፊዚክስን አንደኛ አድርጊው» አልኳት። «ምክንያቱንም እንዳለ ጻፊው። የቤታችን ግድግዳ ተሰንጥቋል፣ ለምን እንደተሰነጠቀ ማወቅ እፈልጋለሁ በዪ። ከአራቱ መስመር ሁለቱ ቢተርፍ ግድ የለም።»

ጻፈች። ሁለተኛው መስመር ላይ ጨረሰች። አራት ነጥቡን ግን ረሳችው፤ ጠቆምኳት።

ጋሼ ያ የተመረጠው ነገር ምን እንደነበር ጠየቁ። ርእሰ መምህሩ ወንበሩን እያሰበ፣ ቅር እያለው፣ ስለ መሬት የሚያጠናው ነው አላቸው።

«ስለ መሬት?» ጋሼ ክፍሉን በሙሉ በወቀሳ ዞረው አዩ። «ታዲያ ይኼን ከመጀመሪያው ለምን አትነግሩኝም? እኔ ሠላሳ ዓመት ስከራከር የጎደለኝ የመሬት ሊቅ ነው።»

ያን ዘርፍ ራሳቸው እንደቀበሩት ማንም አላስታወሳቸውም። ወዲያውም ከጎረቤታቸው ጋር የሚዋሰኑበትን፣ አሁንም ይግባኝ ላይ ያለውን ድንበር ይነግሯት ጀመር። ሳይቆፍሩ ማወቅ ከተቻለ፣ የአያታቸው የድንበር ድንጋይ የት እንደተቀበረ ማሳየት አያቅታትም። ልጄ ከሠላሳ ሰባት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ ሳትል ቀረች። ጂኦፊዚክስ እንደዚያ እንዳልሆነ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳቻቸው። አልተቀበሉም። እሷም አልተወችም። ክርክሩን እያዳመጥኩ አንቀላፋሁ።

አርባው በሰላም አለፈ። አጽናኞቼ ወደየቤታቸው ሄዱ። ትራሱን ከግድግዳው አነሣሁ።

ልጄ ዘርፏን ከጀመረች በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ደወለችልኝ። የትምህርት ፕሮግራሟ ወጥቷል። ድምጿ ሳስቶ ስለነበር ክፉ ነገር መስሎኝ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ የመስክ ልምምዳችን አርብ ከሰዓት ላይ ዋለ» አለችኝ። «ቅዳሜንም ይይዛል። እንደ በፊቱ መምጣት አልችልም።»

አባቷ የሸሸው ሰዓት ነው የደረሰባት። ሳቄ መጣ። ምን ያስቅሻል ስትለኝ አባትሽ ይህን ቢሰማ ዘርፍ ቀይሪ ይልሽ ነበር አልኳት። እሷም ሳቀች። ርእሰ መምህሩ በቅርቡ መጥቶ ሣጥኑን ለባዮሎጂ አስተማሪው እንድሰጥለት ለመነኝ። ሦስት ማዕዘኗን አስቀርቼ ሰጠሁት።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ጥሩምባውን እየነፋ ሲገባ ሥራዬን እተዋለሁ። የባሌን ማስመሪያ ይዤ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ እወጣለሁ። ስንጥቁን እለካለሁ፣ ቀኑን በእርሳስ እጽፋለሁ። ልጄ ከመስክ ሥራዋ ስትመለስ ትደውልና ስንት እንደሆነ ትጠይቀኛለች። ባለፈው ሳምንት እንደ ቀድሞው ነው አልኳት። የለካሽው ከማስመሪያው ዜሮ ጀምረሽ ነው ወይስ ከእንጨቱ ጫፍ አለችኝ። ተመልሼ አየሁት። ከጫፉ ነበር። እንደገና ወንበሩ ላይ ወጣሁ።